ቱዱይስት ግብን ወደ ዕለት ሥራ ለማውረድ፦ የሚረዳበትና የሚያሳስትበት

ቱዱይስት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የሥራ ዝርዝር መያዣ መተግበሪያ ነው። በስልክም በኮምፒዩተርም ይሠራል፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ይገኛል። ትልቅ ግብ ይዞ ከየት እንደሚጀምር ለጨነቀው ሰው መጀመሪያ የምንመክረው እሱን ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፦ ለሥራ ቀን መስጠትን በጣም ስላቀለለው፣ ቀን የማያስፈልገው ሥራ ሁሉ ቀን ይለጠፍበታል።

ግቡ 20 ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ አጥንቶ በ12 ሳምንት ውስጥ ለፈተና መድረስ ነው እንበል። የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ለክለሳ ይቀመጡ። በቀሩት 10 ሳምንታት ለእያንዳንዱ ሳምንት 2 ምዕራፍ ይደርሰዋል። አንድ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ መቀመጥ ከጠየቀ፣ አንዴ ለንባብ አንዴ ለመልመጃ፣ በሳምንት 4፣ በጠቅላላው 40 ጊዜ ይሆናል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። 40ውንም በመጀመሪያው ቀን አስገብቶ ለሁሉም ቀን መቁረጥ ያጓጓል፤ ሲያዩትም ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰኞ ሲያመልጥ ግን ገና ያልተነኩት 32ቱ በሙሉ ይዛነፋሉ። መተግበሪያው ጊዜው ያለፈበትን ሥራ «ዛሬ» በሚለው ገጽ አናት ላይ ይደረድረዋል፤ እዚያው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቀን የሚያሻግር ቁልፍ አለ። ያ ቁልፍ ደጋግሞ ሲነካ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈ ቀን እምነት ያጣል።

ስለዚህ ግቡን ፕሮጀክት (በመተግበሪያው ውስጥ ራሱን የቻለ የሥራ ዝርዝር) አድርገው ይክፈቱ፤ 20ውን ምዕራፎች ያለ ቀን ያስገቡ። ቀን የሚሰጠው ለያዝነው ሳምንት 2 ምዕራፎች ብቻ ነው። ንባቡንና መልመጃውን በየምዕራፉ ሥር ንዑስ ሥራ አድርገው ለየብቻ ቀን ይስጧቸው። ዋናው ሥራ «ተጠናቀቀ» ሲባል ንዑሶቹም አብረው ስለሚዘጉ፣ ምዕራፉን ቸኩለው ምልክት ካደረጉበት ያልተሠራው መልመጃ ከዓይን ይጠፋል።

አጻጻፉም ለውጥ ያመጣል። «ምዕራፍ 3» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «የምዕራፍ 3ን መልመጃ ከ1 እስከ 15 መሥራት» ሲባል ግን ሲቀመጡ እጅ የት እንደሚጀምር ያውቃል።

በየሳምንቱ እሑድ የሚመላለስ የ20 ደቂቃ ሥራ ያስገቡ፦ እያንዳንዱን ፕሮጀክት ከፍቶ ለሚመጣው ሳምንት የሚሆነውን መምረጥና ቀን መስጠት። ይህቺ 20 ደቂቃ ከተዘለለች ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ቀን የሌለው ሥራ በራሱ ጊዜ «ዛሬ» ላይ አይመጣምና። በየቀኑም ከአንድ እስከ አራት ካሉት የቅድሚያ ደረጃዎች አንደኛውን ከ3 ሥራ በላይ ባይሰጡ ጥሩ ነው። አንደኛው ደረጃ በቀይ ይታያል፤ ሁሉም ቀይ ከሆነ ቀይ መሆኑ ትርጉም የለውም።

የሚደጋገም ሥራ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። «ኤቭሪ» (every፣ «በየ» ማለት ነው) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከቀኑ ጋር ለብቻው ሲጻፍ ቀጣዩ ቀን የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መርሐ ግብር ነው፤ ቃለ አጋኖ ሲከተለው ግን ሥራው ከተጠናቀቀበት ቀን ይቆጠራል። በየ3 ቀኑ ለሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ቀን ዘግይተው ከሠሩ ቀጣዩም አብሮ ይገፋል፤ ዕረፍቱ አይሸራረፍም። በቁርጥ ቀን ለሚከፈል ሂሳብ የመጀመሪያው ይሁን፤ የክፍያ ቀን እርስዎ በመዘግየትዎ አይዘገይም።

የሥራው ስም በአማርኛ ይጻፋል፣ በአማርኛም ይፈለጋል። ቀኑን ግን «ነገ» ወይም «ሰኞ» ብለው ቢጽፉለት አይገባውም፤ በእንግሊዝኛ መጻፍ ወይም ከቀን መቁጠሪያው መንካት ግድ ነው። ቀልጠፍ ብሎ በአማርኛ ብቻ መሥራት ለሚፈልግ ይህ ያሰለቻል።

በነፃ የሚሰጠው ዓይነት የግል ፕሮጀክቶችን በ5 ይገድባል። ለ3 ግብ፣ ለመደበኛ ሥራና ለቤት ጉዳይ ልክ ስለሆነ ለመክፈል አይቸኩሉ። ካርማ የሚባለውን ነጥብ ግን ከቅንብሩ ገብተው ቢያጠፉት ይሻላል። የሚቆጥረው የተጠናቀቀውን ሥራ ብዛት እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ የ2 ደቂቃ ስልክ ጥሪና የ2 ሰዓት ጥናት እኩል ስለሚቆጠሩ፣ ነጥብ የሚያሳድድ ሰው ጥናቱን ለማታ እየገፋ ስልኩን ሲደውል ይውላል።