ደም ፍሰትን ገድቦ በቀላል ክብደት መሥራት ወይስ የተለመደው የክብደት ልምምድ?

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ላለበት አዋቂ የሁለቱም መንገዶች መነሻ አንድ ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ቢሆን ስኳርን ከደም ይወስዳል።

ጫና፦ የተለመደው ልምምድ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ማንሳት ከሚቻለው ክብደት ከ60 እስከ 80 በመቶ ይጠይቃል። ፍሰትን ለሚገድበው ከ20 እስከ 30 በመቶ ይበቃል፤ በጭን ወይም በክንድ የላይኛው ክፍል የሚታሰረው አየር የሚሞላ ቀበቶ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚያዘገይ፣ መጀመሪያ 30 ጊዜ፣ ቀጥሎም ሦስት ዙር 15 ጊዜ ሲደጋገም፣ ያ ቀላል ክብደት በመጨረሻው ዙር በጡንቻው ላይ የማቃጠል ስሜት ይፈጥራል።

ወጪ፦ የተለመደው በላስቲክ ገመድም ይጀመራል። ፍሰትን የሚገድበው ግፊት የሚለካ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ግፊቱ ስለማይታወቅ በጨርቅ ማሰር ምትክ አይሆንም።

ስጋት፦ ትንፋሽን አፍኖ ከባድ ክብደት ማንሳት የደም ግፊትን በድንገት ያሻቅባል፤ ይህም የስኳር ሕመሙ ረቲናውን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ክፉኛ ለጎዳበት ሰው አደገኛ ነው። በቀበቶው በኩል ያለው ስጋት ግን የበለጠ ያሳስበኛል፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ከልክ በላይ መጥበቁን ላያውቅ ይችላል፣ የእግር ደም ቧንቧው የጠበበ ወይም ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰውም ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊሞክረው አይገባም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በሁለቱም ስኳሩን አስቀድሞም በኋላም ይለካ።

ለማን፦ ጉልበቱ ከባድ ጫና ለማይችል፣ የደም ዝውውሩም ተመርምሮ ጤናማ ለሆነ ሰው ቀበቶው ይመቻል፤ መገጣጠሚያው ደህና ለሆነና ብቻውን ለሚሠራ የተለመደው ይቀላል።