ማት መኪና ልግዛ ወይስ ማት ላልብሳት? የፋብሪካ ቀለም፣ የጋራዥ ቀለም፣ ራፕ እና ፒፒኤፍ

ማት (የማያብረቀርቅ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም) መኪና ያማረው ሰው አራት ምርጫ አለው። ከፋብሪካ ማት ሆና የወጣች መግዛት፣ ጋራዥ ወስዶ ማስቀባት፣ ራፕ ማልበስ (ብዙዎቻችን ስቲከር የምንለው)፣ ወይ ማት ፒፒኤፍ (ቀለሙን ከጭረትና ከጠጠር የሚከላከል ወፈር ያለ ግልጽ ላስቲክ) ማልበስ። ቆማ ስትታይ አራቱም ይቀራረባሉ፣ ዋናው ልዩነቱ የሚመጣው ስትቆሽሽና ስትጫር ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲጫር ፖሊሽ ይደረጋል፣ ማለትም ከቀለሙ ላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን (ክሊር) በስሱ ይፋቅና ጭረቱ አብሮ ይሄዳል። ማት ላይ ይሄ አይሰራም፣ ምክንያቱም ክሊሩ በአይን የማይታይ ሻካራነት አለው፣ ብርሃኑን እየበተነ ማት የሚያስመስለው እሱ ነው፣ ከፈገፈጋችሁት ይለሰልሳል፣ ከለሰለሰ ያብረቀርቃል፣ አለቀ። ስለዚህ ፖሊሽም ሰምም የለም። አዲስ አበባ ላይ መኪና አቧራ ጠጥታ ስትቆም ልጆች በጣታቸው "እጠበኝ" ብለው ይጽፉባት የለ? ጣቱ አቧራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚያሽው። ኖርማል ቀለም ላይ ቢብስ ፖሊሽ ያነሳዋል፣ ማት ኮፈን ላይ ግን መኪናዋ ታጥባም ጸሀይ በጎን ሲመታት "እጠበኝ" ሊነበብ ይችላል 😅

የፋብሪካ ማት፣ እንደ ቢኤምደብሊው ፍሮዝን ወይ መርሴዲስ ማግኖ፣ ውበቱን ማንም አይደርስበትም። ችግሩ በሯ ላይ አንድ መስመር ጭረት ከወጣ ቦታዋን ብቻ መንካት አይቻልም፣ በሩ ሙሉ ይቀባል፣ የተቀባው በር ደግሞ ከጎኑ ካለው ፓራፋንጎ ጋር ድምቀቱ እኩል መምጣት አለበት፣ እሱ ነው ጣጣው። ያገለገለ ማት የምትገዙ ከሆነ ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ጸሀይ በጎን ሲመታት ዙሩና እዩ፣ አንዱ ፓነል ከሌላው ወዝ ካለው ወይ ተቀብቷል ወይ ተፈግፍጓል።

ጋራዥ ማስቀባት? እኔ አልመክርም። ኖርማል ቀለም ሲረጭ አቧራ ቢያርፍበት ተፈግፍጎ ፖሊሽ ይደረጋል፣ ማት ላይ ያረፈው እዛው ይቀራል፣ የአረጫጩ ውፍረት ትንሽ ከተለያየም አንዱ ቦታ ደብዛዛ ሌላው ወዛም ይሆናል። ጥሩ ፎርኖ (አቧራ የማይገባበት የቀለም ክፍል) እና ማት ደጋግሞ የሠራ ቀቢ ካላገኛችሁ በስተቀር ብራችሁን አታቃጥሉ።

ራፕ ከፒፒኤፍ ይረክሳል፣ ሲሰለቻችሁም ትልጡታላችሁ። ከታወቁት የራፕ ብራንዶች 3ኤም 2080ም አቬሪም ማት አላቸው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሥራው ለመልክ ነው፣ ጠጠር ይመልስልኛል ብላችሁ አታስቡ። ኮፈንና ጣሪያ ከጎኑ ቀድመው ያረጃሉ፣ አምራቾቹም ለአግዳሚው ክፍል የሚሰጡት ዋስትና አጠር ያለ ነው፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለውን ጸሀይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን መኪናችሁ ባትላሜራ ቤት ገብታ ስቱኮ ተለጥፎባት በችኮላ ተቀብታ ከነበረ ራፑ ሲላጥ ቀለሙን ይዞት ሊነሳ ይችላል። የፋብሪካ ቀለም ላይ ይሄ ብዙም አያሰጋም፣ ስለዚህ ከማልበሳችሁ በፊት የቀለሙን ውፍረት በመሣሪያ የሚለካ ሰው አሳዩ።

ማት ፒፒኤፍ ዋጋው ከራፕ በብዙ ይበልጣል፣ ግን ብር ካለ እኔ ያለምንም ማቅማማት እሱን ነው የምለው። ውፍረቱ የራፕን እጥፍ ያህል ነው፣ ጠጠር ይችላል፣ እንደ ኤክስፔል ስቴልዝ ያሉት ቀላል ጭረት በሙቀት ይዘጋላቸዋል፣ የስቴልዝ ዋስትናም 10 አመት ነው። ከስር ያለው የሚያብረቀርቅ ቀለማችሁ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ሲነሳ መኪናዋ እንደነበረች ናት። የፋብሪካ ማት ያላችሁም ይሄንኑ ማቱን አልብሱ፣ የሚያብረቀርቀውን ፒፒኤፍ ካለበሳችሁ ማቱ ጠፋ ማለት ነው። ሴራሚክ (ቀለሙ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ መከላከያ) ብቻውን ይበቃል ለሚሉት፣ እጥበቱን ያቀላል እንጂ ጭረትም ጠጠርም አያቆምም፣ እሱም ለማት የተሠራው ይሁን።

እጥበቱ ለአራቱም አንድ ነው። ላቫጆ ስትሄዱ ልጁ መሬት የወደቀውን ስፖንጅ አንስቶ በኦሞ ሊጀምር ሲል ቆይ በሉት፣ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራው ይውረድ፣ ከዛ የራሳችሁን ሻምፖና ማይክሮፋይበር ስጡት፣ ጎማ የጠረገበት ጨርቅ ኮፈን እንዳይነካ። የወፍ ኩስና የፈሰሰ ቤንዚን ሳያድር ይታጠብ፣ አርጥባችሁ አንሱት እንጂ አትፈግፍጉት። አሜሪካ ያላችሁ ብሩሽ ያለው አውቶማቲክ ዋሽ ውስጥ አትግቡ፣ ብሩሽ የሌለውም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሰም የሚረጨውን ፓኬጅ አትምረጡ።

የሊብሬውንም ነገር እንዳትረሱ፣ ቀለም እዛ ላይ ተጽፏል፣ ነጭ መኪና ጥቁር ራፕ ለማልበስ ያሰባችሁ ቀድማችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ግልጹ ማት ፒፒኤፍ ነጩን ነጭ አድርጎ ስለሚያስቀር በዚህ በኩል ጣጣ የለውም።