ሮክሴት ማጣበቂያ፦ ለመዝል ብሬክ ከሎክታይት ይሻላል?

አሜሪካ ሆናችሁ አደን የምትወጡ ልጆች ይሄን ነገር ሞክሩት። 300 ዊን ማግ የመሰለ ትከሻ የሚያደቅ ጠመንጃ አፈሙዙ ላይ ብሬክ ሲታሰርለት ምቱ በጣም ይቀንሳል፣ ችግሩ ብሬኩ በደንብ ካልታሰረ እየተኮሳችሁ ይላላል፣ ብዙ ሰው ታዲያ ሰማያዊውን ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚቀባ ማጣበቂያ) ይቀባና ጨረስኩ ይላል። ሎክታይት ለሌላ ብሎን አሪፍ ነው ግን እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው የሚችለው፣ ደጋግማችሁ ስትተኩሱ ብሬኩ ከዛ በላይ ሊግል ይችላል። ሮክሴት የሴራሚክ ዘር ስለሆነ 1,000 ዲግሪም ቢሆን ምንም አይለው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ብሬኩ የሚታሰርበትን የበርሜሉን ጥርስ በአልኮል አጽዱት፣ ትንሽ ዘይት እንኳ ካለ አይዝም። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቃችሁ ሁለት ሶስት ጠብታ ጥርሱ ላይ፣ በቃ። ሞርሳ ላይ የምታስሩት በርሜሉን ነው እንጂ ሪሲቨሩን (የጠመንጃውን አካል) አይደለም፣ ከዛ ብሬኩን አስገብታችሁ ቀዳዳውን ግራና ቀኝ እኩል አድርጋችሁ የብሬኩን ማጥበቂያ ዳዶ ማጥበቅ። ለ24 ሰዓት አትንኩት።

የማልወደው እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ካልተጠነቀቃችሁ በርሜሉ ውስጥ ይፈሳል። ግን መፍታት ስትፈልጉ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ብቻ ነው፣ እሳት ምናምን የለም፣ ለኔ ይሄ ብቻ ያስገዛዋል። ደሞ በብሬክ ስትተኩሱ የጆሮ መከላከያ አድርጉ እባካችሁ፣ ድምፁ ለጎረቤት ተኳሽም መከራ ነው።

ከ5 4 ኮከብ።