ሰርቨር ልገዛ ስል ያስቆመችኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት የዳታ ባለሙያ ለማመስገን ነው። «ስሜን እንዳትጽፍ» ስላለችኝ ስሟ ይቅር። ሥራዋን ግን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ የሽያጭ መዝገብ በሲኤስቪ ፋይል (ዳታው በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይደርሰኛል። የአንድ ወሩ ብቻ 4 ሚሊዮን ገደማ ረድፍ አለው። እኔ ደግሞ ከኤክሴል ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ፋይሉን ስከፍተው «ሙሉ በሙሉ አልተጫነም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እሺን እጫናለሁ። እንዲሁ ደምሬ ሪፖርት አስገባሁ። አንድ የኤክሴል ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ እንደማይዝ የገባኝ አለቃዬ «የቀረው ሽያጭ የት ሄደ?» ሲሉኝ ነው። ለካ ሩብ ያህሉን ብቻ ነበር የደመርኩት።

ከዚያ መፍትሔ ፍለጋ ተጀመረ። አንዱ ጓደኛዬ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማር አለኝ። ተማርኩ። ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የዳታ መሣሪያ የአንድ ወሩ ፋይል እሺ ብሎ ተከፈተ። የሦስት ዓመቱን፣ 18 ጊጋባይቱን፣ አንድ ላይ ልክፈት ስል ግን ላፕቶፔ ደርቆ ቀረ። ያለው ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ዳታውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) 8 ጊጋባይት ነው። የፓንዳስ ፈጣሪ ዌስ ማኪኒ ራሱ ራማችሁ ከዳታው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይሁን ብሎ ጽፏል። የእኔን ሳሰላው ከ90 እስከ 180 ጊጋባይት መጣ። ያማከርኩት አንድ ድርጅትም ትልቅ ሰርቨር ካልገዛህ አይሆንም አለኝ። እውነት ለመናገር፣ ልገዛ ጫፍ ደርሼ ነበር።

እሷን ያገኘኋት በዚህ መሃል ነው። ታሪኬን ስነግራት አልሳቀችብኝም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ውጤቶች ከሪፖርት የቀሩት በዚሁ በኤክሴል የረድፍ ገደብ እንደሆነ ነገረችኝ። የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት፣ ኤክስኤልኤስ፣ የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ስለ ሶፍትዌር ግን ወዲያው አላወራችም። ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ዳታው ይቀየራል ወይስ ይነበባል ብቻ? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ከአምዶቹ ስንቱን ነው የምትፈልገው? ይነበባል ብቻ፣ እኔ ብቻዬን፣ ከ22 አምድ ምናልባት 5 አልኳት። «እንግዲያው ሰርቨሩን ተወው» አለች።

የመረጠችልኝ ዳክዲቢን ነው። አምስተርዳም በሚገኝ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም ውስጥ የተወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ነጻ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። ሰርቨር አይፈልግም። ፋይሉን እንዳለ ራም ላይ አይዘረግፈውም፤ ቆራርሶ ያነባል፣ ራሙ ሲጠበው ዲስክ ላይ ያሳርፋል። ሲኤስቪውን ያለምንም ዝግጅት ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታ መጠየቂያ ቋንቋ ትጠይቁታላችሁ። 36ቱንም ፋይሎች በአንድ መስመር ትእዛዝ እንደ አንድ ሰንጠረዥ ሲያነብልኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የደንበኞቼ መለያ ቁጥር በዜሮ ይጀምራል። ሶፍትዌሩ ዓይነቱን በራሱ ሲገምት ቁጥር ነው ብሎ ዜሮውን ይጥለዋል። ኤክሴልም ያው ነው፤ ጭራሽ ከ15 አሃዝ ያለፈውን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። እሷ ገና ምንም ሳትደምር የመጀመሪያዎቹን 20 ረድፎች አውጥታ አየች። አየችና መለያው እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ አዘዘች። ከዚያ የፋይሉን የረድፍ ብዛትና የተነበበውን የረድፍ ብዛት አስተያየች። ይህን ከመጀመሪያው ባደርግ ኖሮ አለቃዬ ፊት አላፍርም ነበር።

ቀጥላ ሁሉንም ወደ ፓርኬ ቀየረችው። ፓርኬ ዳታውን በረድፍ ሳይሆን በአምድ የሚያስቀምጥ ፎርማት ነው። ስለዚህ 5 አምድ ስትጠይቁት ሌሎቹን 17 አይነካቸውም። አንድ ዓይነት ነገር አንድ ላይ ስለሚቀመጥም በደንብ ይታመቃል። የእኔ 18 ጊጋባይት ከ3 በታች ገባ። ድሮ ላፕቶፑን የሚያደርቀው ድምር አሁን በሰከንዶች ያልቃል፤ በዚያው በ8 ጊጋባይቱ ላፕቶፕ።

ዳክዲቢ ለሁሉም ይሆናል እንዳልል እሷው አስጠንቅቃኛለች። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ከሆነ በሰርቨር የሚሠራው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ይሻላል። ዳታው አንድ ማሽን ላይ የማይገባ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ለብዙ ማሽኖች የሚያከፋፍለውን ስፓርክን ማሰብ ነው። «አንተ ግን እዚያ አልደረስክም» አለችኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነው ያስከፈለችኝ። ትእዛዞቹንም እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፋ ሰጥታኛለች። ለእኔ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የጠቀመኝ ይኼ ነው፤ በቀጣዩ ወር ሳልደውልላት ራሴ ሠራሁት።

ትልልቅ ፋይል ይዛችሁ የተቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ ይዛችሁ ኑ። ካልያዛችሁም መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱኑ ነው።

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አለቃዬም አመስግንልኝ ብለዋል።