«አሚቲቪል» የሚል ፊልም ልትከራዩ ከሆነ ቆም በሉ

ጎበዝ፣ አስፈሪ ፊልም የምትወዱ ከሆነ ይቺን አንብቡና ከዚያ ክፈሉ። ፊልም በሚያከራዩት አፖች ላይ «አሚቲቪል» ብላችሁ ስትፈልጉ መዓት ፊልም ይደረደርላችኋል። አብዛኛው፣ መንፈስ አለበት ስለተባለ ቤት ከሚያወራው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ዋናው ፊልም ጋር ምንም አይገናኝም። ስሙን ብቻ ነው የሚሸጡላችሁ።

እኔ ሰሞኑን የከፈልኩበት ፖስተሩ ላይ ያ ዓይን የሚመስሉ መስኮቶች ያሉት የታወቀው ቤት አለ። ፊልሙ ውስጥ ግን ቤቱ አንዴም አይታይም! የሚታየው የሆነ ሰው ሳሎን ነው፤ ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ስለ መንፈስ ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ አሁንም ያወራሉ፣ መንፈሱ መጣ ሲባል ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልና በቃ። ድምፁ ሲያሻው ይጮሃል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ገንዘቤን መልሱ ብዬ ብጽፍላቸው ማየት ከተጀመረ አይመለስም አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሚቲቪል ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ያለች የእውነት ከተማ ናት። የቦታ ስም ስለሆነ ማንም «የግሌ ነው» ብሎ ሌላውን መከልከል አይችልም። ስለዚህ ካሜራ ያለው ሁሉ ስሙን እየለጠፈ ያወጣል። በዚህ ስም የገና ፊልም አለ፣ የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) አለ፣ ጭራሽ ጠፈር ላይ የሄደም አለ። የሎንግ አይላንድ መንፈስ ጠፈር ላይ ምን ሊሠራ እንደወጣ እንጃ።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የምትለዋም እንዳታታልላችሁ። እውነቱ ግድያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮናልድ ዲፌዮ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት አባቱን፣ እናቱን፣ ሁለት እህቶቹንና ሁለት ወንድሞቹን አሚቲቪል ባለው በዚያ ቤት በጥይት ገደለ። በዓመቱ ሉትዝ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤቱን በ80,000 ዶላር ገዝተው ከልጆቻቸው ጋር ገቡ፣ መንፈስ አላስቀምጥ አለን ብለው በ28 ቀን ውስጥ እቃቸውን ጥለው ወጡ። ከዚያ በ1977 መጽሐፍ ወጣ፣ በ1979 ፊልም። የገዳዩ ጠበቃ የነበረው ዊልያም ዌበር ግን በኋላ ታሪኩን ከሉትዞች ጋር ወይን እየጠጣን የፈጠርነው ነው ብሏል። እነሱ አልተቀበሉትም። ከእነሱ በኋላ እዚያ የኖሩት ሰዎች ደግሞ ያስቸገራቸው መንፈስ ሳይሆን ቤቱን ሊያይ የሚጎርፈው ሰው ነበር። እንግዲህ ዋናው ራሱ እንዲህ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ሳሎን ውስጥ የተቀረጸው የየትኛው እውነት ታሪክ ነው?

ዋናውን የምትፈልጉ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱንና ተዋናዮቹን እዩ። የ1979ኙ ጄምስ ብሮሊንና ማርጎት ኪደር ያሉበት ነው። በ2005 እንደ አዲስ የተሠራው ላይ ያለው ራያን ሬይኖልድስ ነው። የድሮው ለዛሬ ሰው ትንሽ ይጎተታል፣ አልዋሽም፣ ግን ቄሱ ቤቱን ሊባርክ ገብቶ ዝንብ የሚወረው ቦታ፣ ቤት ጸበል ሲረጭ እያየን ላደግን ሰዎች ለብቻው ይበቃል።

ሌላውን ሁሉ ግን ትሬለሩን ሳታዩ አትክፈሉ። ትሬለሩ ላይ ከጨለማና ከጩኸት በቀር ምንም ካላያችሁ ፊልሙም ያው ነው። ደግሞ ብዙዎቹ በማስታወቂያ መሃል በነጻ የሚያሳዩ አፖች ላይ ስለሚገኙ፣ የግድ ካማራችሁ እዚያ ሄዳችሁ እዩት። ከፍላችሁ ገና ማየት ያልጀመራችሁ ካላችሁም እንዳትነኩት፤ አንዳንዶቹ ካልተጀመረ ይመልሳሉና ዛሬውኑ ጻፉላቸው።