ሽሮው አለፈ፣ ቅቤው ቀረ

ፍራንክፈርት ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አራት ሳምንት አዲስ አበባ ቆይቼ ተመለስኩ። ስለ ሆቴሉና ስለ ታክሲው ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የማወራው ስለ አንድ አገልግሎት ነው፦ ዕቃ በኩሪየር ስለ መላክ።

አየር መንገዱ የፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እማዬ ግን ሠርግ ያለ ይመስል ነው ያዘጋጀችው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ሦስት ኪሎ የነጠረ ቅቤ። በዚያ ላይ መሶብ። «የተረፈውን እልከዋለሁ» አልኩ፣ ቀላል መስሎኝ።

አንድ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። «ምግብ ይላካል?» ስለው ልጁ «ይላካል፣ ችግር የለውም» አለኝ። በማግስቱ ካርቶኑን በፕላስተር ሦስት ዙር ጠቅልዬ ቦሌ ያለው ቅርንጫፋቸው ሄድኩ። ገና ከማስቀመጤ «ይከፈት» ተባልኩ። ዕቃው ፊታቸው ተፈትሾ ነው የሚታሸገው። ልክ ናቸው። ግን ስልክ ላይ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ምን ነበረበት? የተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ግድግዳው ላይ አለ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ ግማሹን ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሸፍኖታል።

ያዳነችኝ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ናት። እየሳቀች «እህቴ፣ ቅቤው አይሄድም» አለችኝ። ተቆጣሁ። እሷ ግን ምክንያቱን አስረዳችኝ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በግለሰብ ጥቅል እንዲገባ አይፈቅድም። እንደ አፍተግር ያለ የከብት በሽታ እንዳይገባ ነው። ብታነጥሪውም፣ በኮረሪማና በኮሰረት ብታቀምሚውም፣ ያው የወተት ውጤት ነው። ቋንጣም እንደዚያው። ማር ግን ለግል ፍጆታ እስከ ሁለት ኪሎ ይገባል። እኔ ደግሞ ማር አልያዝኩም!

ሽፈራውን ከፈተችና አሸተተችው። ከዚያ አለቃዋን ጠራች። ደነገጥኩ። ለካ ደረቅ ጫት «ሽፈራው ነው»፣ «ሻይ ቅጠል ነው» እየተባለ ስለሚላክ አረንጓዴ ዱቄት ሁሉ ይጠረጠራል። ጫት ጀርመን ውስጥ ክልክል ነው። እንግሊዝም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። አለቃዋ አይቶ አሳለፈልኝ። እኔ ግን ጉምሩክ ላይ ቆሞ ሌላውንም ዕቃ እንዳያስይዝብኝ ብዬ አወጣሁት።

ከቡናው ግማሽ ኪሎ ብቻ እንዲሄድ ፈቀደች። ለስጦታ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ያን ያህል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጀርመኖች በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ይጥላሉ። 11 ዓመት እዚያ ቡና ስጠጣ ይህን አላውቅም ነበር። ጠቅላላ ስጦታው ደግሞ ከግለሰብ ለግለሰብ ሆኖ ዋጋው ከ45 ዩሮ መብለጥ የለበትም። ቅጹ ላይ «ምግብ» ብዬ ስጽፍ መለሰችልኝ። ሽሮ ስንት ኪሎ፣ በርበሬ ስንት ኪሎ፣ ዋጋቸው ስንት፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይጻፋል።

መሶቡ ሚዛን ላይ አራት ኪሎ ነው። የሚያስከፍሉት ግን የሠላሳ ኪሎ። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 50 በ50 በ60 ሲሆን ሠላሳ ኪሎ ይወጣዋል። ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው የሚይዙት። ማታ ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ አየሩን ነው የሚመዝኑት?» አለች። አዎ እማዬ፣ አየሩን ነው።

ሁሉም አለቀ ብዬ ደረሰኝ ስጠብቅ ልጅቷ ከስካነሩ ተመለሰች። «ሽሮው ውስጥ ብረት ነገር አለ።» ሽሮ ውስጥ ብረት? ፈታን። በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ የወርቅ ጉትቻ ወጣ። እማዬ ለልጄ ክርስትና ብላ ደብቃው ነው። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ እነሱ ጋ አይላክም። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጉትቻውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ሽሮ ሜዳ የገዛሁት የእጅ መስቀልም አልሄደም። አዲስ ቢሆንም ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ይጠየቃል። ለወረቀቱ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አካባቢ መሄድ ነው። በአንድ ጠዋት ጨረስኩ፣ መስቀሉን ግን በእጄ ይዤው በረርኩ።

ለካውንተሯ ልጅ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለስልኩ አንድ፣ እሱም ስላነሱልኝ። የማሸጊያው ዋጋ ውድ ነው፣ ካርቶን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን አታሽጉት። ጥቅሉ በስድስተኛው ቀን ፍራንክፈርት ደረሰ። ጉምሩክ ከፍቶ መልሶ አሽጎታል፤ ከዳቦ ቆሎው ትንሽ የጎደለ መሰለኝ፣ ግን አልምልም።

ቅቤው አሁንም እማዬ ፍሪጅ ውስጥ ነው። በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፦ «ሕጉን ገና አላነሱትም?»