ለእሑድ መገናኛ የምትሆን ኬክ ቤት (ከ5 ኮከብ 4)

ስሟን አልጽፍም። የልጆቼ አባት ካነበበው በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ይቀየርብኛል። ሳር ቤት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች፣ በረንዳ ያላት ናት ልበልና ይብቃኝ።

ማኪያቶዋ ጥሩ ነው፤ ወተቱ አይቃጠልም። ሚልፎኙን ከሰዓት በኋላ አትዘዙ፣ ይልፈሰፈሳል። በሁዳዴ የጾም ኬክ አላቸው፤ ሻይ ካልተከተለው ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋም አትመኑ፣ 15 በመቶ ቫት መጨረሻ ላይ ይደመርበታል። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ካሸሪዋ ጋ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ «ቁልፍ» ብሎ መጠየቅ ለ12 ዓመት ወንድ ልጅ ሞት ነው።

እኔ የምሄደው ለኬኩ አይደለም። ከተፋታን ወዲህ ወንዱ አባቱ ጋ፣ ሴቷ እኔ ጋ ናት። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ፍቺ ሲወሰን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለባቸውንም፣ ከወላጅ ጋር የሚጠያየቁበትንም ፍርድ ቤቱ አብሮ ይወስናል ይላል። ለእኛ እሑድ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ተባለ። የተኳረፉ ወንድምና እህት የት ቁጭ እንደሚሉ ግን አዋጅ አይነግርም።

የመጀመሪያው እሑድ አባቱ በር ላይ አውርዶት ሄደ። ልጄ ገብቶ ተቀመጠና እህቱን «እናንተ ቤት ዋይፋይ ገባ?» አላት። እናንተ ቤት! አንድ አልጋ ላይ እየተራገጡ ያደጉ ልጆች።

እሷ ቀና እንኳ አላለችም። «አንተ እኮ በስልክ ነው የተገዛኸው። እማዬ ናት ያለችው።»

አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች አጠገባችን ቆማለች። አዎ፣ ብያለሁ። ማታ ከእህቴ ጋር ስናወራ፣ ልጅቷ ተኝታለች ብዬ። እሱም አልቀረለትም፦ «አንቺስ ዳኛዋ ጋ ስለ አባዬ የዋሸሽው?» ይህን ማን እንዳስጠናው አላጣሁትም። አፌን ከፍቼ አባቱን ልወርድበት ስል ነው፣ ከሷ አፍ የወጣው የኔ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ። ዝም አልኩ።

አስተናጋጇ ሁለት ብላክ ፎረስት ታዛ አንድ ብቻ ነበር ያመጣችው። ሳህኑን መሃላቸው አስቀምጣ፣ ሁለት ሹካ ጣል አድርጋ፣ «አልቋል፣ ተካፈሉ» ብላ ሄደች። ላዩ ላይ ያለችው ቼሪ አንድ ናት። እሱ በሹካ ሲወጋት እሷ በእጇ ልትነጥቀው፣ ክሬሙ ጠረጴዛው ላይ፣ «ሁልጊዜ አንተ!»፣ «ባለፈው አንቺ አልበላሽም?»... የድሮ ጠባቸው! ማንም ያላስጠናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሞልቶ ቢተርፍም አንድ ነው የማዘው፣ ከሁለት ሹካ ጋር። አስተናጋጇም ገብቷታል፣ አትጠይቅም። (ጉርሻ ስጧት፣ ይገባታል።)

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለቴሌቪዥኑ ነው። ወደ 10 ሰዓት ገደማ የእንግሊዝ ኳስ ሲጀምር ድምፁን ይለቁታል፣ ልጄም አንገቱን ወደዚያ ያዞራል። ከሦስት ሰዓቴ ላይ አንዱ በዚያ ይሄዳል። ቀንሱ ብዬ ሁለቴ ለምኛለሁ፤ እሺ ይላሉ፣ ጎል ሲገባ ይረሱታል።

ከቴሌቪዥኑ የሚርቀው ጥጉ ላይ ያለው ክብ ጠረጴዛ ነው። እሱን ግን እሑድ ከ8 ሰዓት በፊት እኛ ይዘነዋል።